ተራ መጠበቅም ሥራ ነው

ታላቋ ካይሮ የካይሮን፣ የጊዛንና የቀሊዩቢያን ከተሞች ያቀፈች፣ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ሰፊ ክልል ናት። ይህ ሁሉ ሕዝብ ማለዳ ሲነሣ ወተቱን፣ ሩዙን፣ ዘይቱንና ስኳሩን በሰፈሩ መደብር መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል። በዶቂም ሆነ በፈይሰል፣ በአርድ ኤል ሊዋም ሆነ በናስር ከተማ የሚኖር ሰው መደርደሪያው ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው ቀን እምብዛም የለም። ስለዚህም ዕቃው በማን እጅና በስንት ሰዓት ድካም እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም። ጥያቄው ግን መጠየቅ ያለበት ነው። ምክንያቱም የከተማይቱ ማዕድ በአብዛኛው የተመሠረተው የካይሮ ሰው «ኡስታ» ብሎ በሚጠራው በጭነት መኪና አሽከርካሪው ትከሻ ላይ ነው።

ከሃያ ዓመታት ገደማ በፊት የካይሮ ቤተሰብ አስቤዛውን በአብዛኛው የሚገዛው ከሰፈር ባለ ሱቅ ነበር። ባለ ሱቁ ከጅምላ ነጋዴ የሸመተውን ዕቃ በትንሽ የጭነት መኪና ያስመጣል፤ መኪናውም ብዙ ጊዜ የሾፌሩ የራሱ ንብረት ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በማዓዲ የተከፈተው ካርፉር የግዙፍ መደብሮችን በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2013 የቱርኩ ቢም፣ በ2014 ደግሞ አገር በቀሉ ካዝዮን ወደ ገበያው ገብተው የቅናሽ መደብሮች በየሰፈሩ ተስፋፉ። እነዚህንና መሰሎቻቸውን የሚመግቡ ማከፋፈያ መጋዘኖችም በስድስተኛው ኦክቶበር፣ በአስረኛው ረመዳን፣ በዑቡርና በመሳሰሉት የኢንዱስትሪ ከተሞች ተተከሉ። ዕቃው ከአሌክሳንድሪያና ከዓይን ሱኽና ወደቦች ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ደግሞ ወደ ብዙ መቶ መደብሮች በሰዓት ተለክቶ ይጓዛል።

በዚህ ለውጥ ሸማቹ ተጠቅሟል፤ ዋጋው ተነጻጻሪ፣ ዕቃው የማይቋረጥ ሆኖለታል። የአሽከርካሪው ሕይወት ግን በሌላ መንገድ ተለውጧል። ቀድሞ የራሱን መኪና የሚነዳው ኡስታ ዛሬ የአንድ ትልቅ ድርጅት ወይም ለዚያ ድርጅት የማጓጓዝ ሥራ የሚሠራ ተቋራጭ ተቀጣሪ ነው። መቼ እንደሚጭን፣ መቼ እንደሚያራግፍና በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስንለት ሌላ ሰው ሆኗል። ይሁን እንጂ ክፍያው በብዙ ቦታ አሁንም እንደ ድሮው በጉዞ ብዛት ይሰላል፤ አነስተኛ መነሻ ደመወዝ ይቆረጥለትና በእያንዳንዱ ጉዞ ጭማሪ ይታሰብለታል። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን የሚያዝዘው ድርጅቱ ሆኖ ሳለ፣ የባከነው ሰዓት ኪሳራ የሚወድቀው በሠራተኛው ላይ ነው።

የአንድ የሥራ ቀንን ሂደት መከተል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አሽከርካሪው ገና ሳይነጋ ከመጋዘኑ ደጃፍ ይደርሳል፤ ከፊቱ የቆሙት መኪናዎች እስኪጫኑ ተራውን ይጠብቃል። ከተጫነ በኋላ ሰነዱ እስኪዘጋጅና በሩ እስኪታሸግ ይጠብቃል። ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ከተማይቱ ዋና ዋና መንገዶች እንዳይገቡ የሚከለከሉባቸው ሰዓቶች አሉና፣ ክልከላው እስኪያበቃ በመንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። በሹብራ ወይም በኢምባባ ጠባብ መንገድ ውስጥ ካለው መደብር ሲደርስ ዕቃ ተረካቢው እስኪመጣ ይጠብቃል። ካርቶኑ ሁሉ ተቆጥሮ ደረሰኙ እስኪፈረም፣ ባዶ ሣጥኑና ተመላሽ ዕቃው እስኪጫን ደግሞ ይጠብቃል። በዚህ አኳኋን መሪ ጨብጦ ካሳለፈው ሰዓት ይልቅ ተራ ሲጠብቅ ያሳለፈው የሚበልጥበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ይህን ሰዓት «ዕረፍት» ብሎ መጥራት ቋንቋንም እውነትንም መበደል ነው። ተራ የሚጠብቅ አሽከርካሪ መኪናውን ትቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ተኝቶ ተራው ቢያልፈው ጥፋቱ የእርሱ ነው። ከጭነቱ አንዲት ካርቶን ብትጎድል የሚጠየቀው እርሱ ነው። በበጋ ወራት ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ፣ ናፍጣ እንዳይባክን ሞተሩን አጥፍቶ በብረት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ጊዜው የራሱ አይደለም። ጊዜው የራሱ ካልሆነ ደግሞ ለማን እንደ ሆነና ማን ሊከፍልበት እንደሚገባ መልሱ ሩቅ አይደለም።

ለማስረዳት ያህል በወር 10,000 የግብፅ ፓውንድ የሚያገኝ አንድ አሽከርካሪ ይወሰድ። ደመወዙ ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ወለል በላይ ስለሆነ በወረቀት ላይ የሚያስወቅስ አይደለም። ሰውየው ግን በቀን 14 ሰዓት ከተሽከርካሪው ጋር ቢያሳልፍና በወር 26 ቀን ቢሠራ፣ የወሩ ሰዓት 364 ይሆናል። አሥሩ ሺህ ለዚህ ሲካፈል ለአንድ ሰዓት የሚደርሰው 27 ፓውንድ ተኩል ያህል ነው። በአንጻሩ ብሔራዊው የደመወዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ በሰዓት ለሚቀጠር ሠራተኛ የወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ 28 ፓውንድ ነው። እንግዲህ ከወለሉ በላይ የሚከፈለው ሰው፣ የጥበቃው ሰዓት ሲቆጠር ከወለሉ በታች ወርዶ ይገኛል። ደመወዙ ዝቅተኛው 7,000 ፓውንድ ብቻ የሆነ እንደ ሆነማ ለአንድ ሰዓት የሚደርሰው ከ20 ፓውንድ ያንሳል።

ስሌቱን ከሌላ ወገን ማየትም ይቻላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን 208 ሰዓት ነው፤ ከ364ቱ ሲቀነስ 156 ሰዓት ይተርፋል። የግብፅ የሥራ ሕግ ለቀን ትርፍ ሰዓት 35 በመቶ፣ ለሌሊት ደግሞ 70 በመቶ ጭማሪ እንዲከፈል ያዝዛል። የወሩ ደመወዝ በ30 ቀን፣ ቀኑም በ8 ሰዓት ተካፍሎ 156ቱ ሰዓት በቀኑ ተመን ብቻ ቢታሰብ 8,775 ፓውንድ ይሆናል። ይህም ማለት ያልተቆጠረው ሰዓት ዋጋ ከተከፈለው ደመወዝ እምብዛም አያንስም። በጉዞ የሚከፈለው ጭማሪ ይህን ክፍተት ይሞላል የሚል ካለ፣ ሰዓቱንና ጭማሪውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ይህ ሁሉ የሆነው የኑሮ ውድነት በበረታበት ዘመን መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በግብፅ ከተሞች ዓመታዊው የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 38 በመቶ ደርሶ ነበር። በማርች 2024 የፓውንዱ ምንዛሪ ከዶላር አንጻር ከ31 ወደ 50 ገደማ ወረደ። በዚያው ወር ከ8 ፓውንድ ከ25 ወደ 10 ፓውንድ ያደገው የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ በኦክቶበር 2025 17 ፓውንድ ተኩል ገብቷል። ድርጅቱ የናፍጣውን ጭማሪ በዕቃው ዋጋ ላይ ማካካስ ይችላል። አሽከርካሪው ግን የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራዩን የሚያካክስበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ያለው አማራጭ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ለማግኘት እንቅልፉን መሸጥ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች ተገቢው ዋጋ ሊሰጣቸው ይገባል። በግል ዘርፉ በጃንዋሪ 2022 2,400 ፓውንድ የነበረው ዝቅተኛ ደመወዝ ደረጃ በደረጃ አድጎ በሜይ 2024 6,000፣ በማርች 2025 ደግሞ 7,000 ፓውንድ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የ2003ቱን ሕግ የተካው አዲሱ የሥራ ሕግ ቁጥር 14/2025 ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ የቅጥር ውል በአራት ቅጂ እንዲዘጋጅ፣ አንዱ በሠራተኛው እጅ እንዲቀር ያዝዛል፤ የሥራ ክርክሮችን የሚዳኙ ልዩ ፍርድ ቤቶችንም አቋቁሟል።

አዲሱ ሕግ የዘጋው አንድ አሮጌ በር በተለይ ለአሽከርካሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በግብፅ የሥራ ዓለም «ቅጽ 6» የሚለውን ስም የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ሠራተኛ ሥራውን መልቀቁን ለማኅበራዊ ዋስትና የሚያስታውቅ ሰነድ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ቅጽ ወይም የመልቀቂያ ደብዳቤ ሰውየው በተቀጠረበት ዕለት ያስፈርሙትና በመሳቢያ ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ የትርፍ ሰዓቱን የጠየቀ፣ ደክሞኛል ብሎ ጉዞ እምቢ ያለ ሰው ቀድሞ በፈረመው ወረቀት ተሰናባች ይሆናል። አሁን ግን የሥራ መልቀቂያ በሚመለከተው የአስተዳደር አካል ካልጸደቀ ዋጋ የለውም፤ ሠራተኛውም በ10 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ቀማኛው መሳቢያ ቁልፉን ተነጥቋል ማለት ይቻላል።

ይሁንና ሕግ መልካም መሆኑ ብቻውን መደርደሪያውን እንደማይሞላ ሁሉ፣ የአሽከርካሪውንም ኪስ አይሞላም። ከመጋዘኑ በር እስከ መደብሩ በር ባለው መንገድ ላይ ሕጉ የሚንጠባጠብባቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉ።

የመጀመሪያው የተቋራጭነት አሠራር ነው። በተሽከርካሪው ጎን የተጻፈው ስም የትልቁ መደብር ቢሆንም፣ አሽከርካሪው ብዙ ጊዜ የሌላ አነስተኛ ድርጅት ተቀጣሪ ነው። ክፍያ ሲጠይቅ መደብሩ ወደ ተቋራጩ፣ ተቋራጩ ወደ መደብሩ ይመራዋል። የግብፅ ሕግ ለዚህ መልስ የሌለው አይደለም። የ2003ቱ ሕግ ሳይቀር ሥራውን በአንድ የሥራ አካባቢ ለሌላ የሰጠ አሠሪ፣ ሥራውን ከተረከበው ጋር በኃላፊነት አብሮ እንደሚጠየቅና የሁለቱም ሠራተኞች መብት እኩል እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። የሚጎድለው መርሁን ከመጋዘን ግቢ አውጥቶ በመንገድ ላይ ለሚሠራው ሰው ማዳረስ ነው።

ሁለተኛው የማኅበራዊ ዋስትና ነው። በሕግ ቁጥር 148/2019 መሠረት ሠራተኛ ሁሉ በእውነተኛ ገቢው ልክ ሊመዘገብ ይገባዋል። በጉዞ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ውጭ ስለሚቆይ፣ አሽከርካሪው የሚመዘገበው በመነሻ ደመወዙ ነው። ወገቡ ታሞ ወይም ዓይኑ ደክሞ ከመሪው በሚወርድበት ቀን ጡረታው የሚሰላው በዚያች ትንሽ ቁጥር ነው። አሠሪው ዛሬ ያተረፈውን ቤተሰቡ ነገ ይከፍለዋል።

ሦስተኛው ከደመወዝ የሚቆረጠው ነው። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የጎደለ ካርቶን፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የተጫረ በር ሁሉ ከአሽከርካሪው ገንዘብ እንዲወጣ የሚደረግበት ልማድ አለ። ጥፋቱ በሠራተኛው ቸልተኝነት የደረሰ ከሆነ ድርጅቱ ካሣ መጠየቁ ፍትሐዊ ነው። የ2003ቱ ሕግም ይህን ፈቅዶ፣ በአንድ ወር የሚቆረጠው ከ5 ቀን ደመወዝ እንዳይበልጥ ገደብ አብጅቶለት ነበር። ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ ባዘዘው ጠባብ ሰዓት ለመድረስ ሲል በተከለከለ ቦታ የቆመ አሽከርካሪ ቅጣቱን ብቻውን መሸከሙ ከፍትሕ የራቀ ነው።

የመደብር ባለቤቶችና የመጓጓዣ ተቋራጮች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ክርክር አለ፤ ሊደመጥም ይገባዋል። የችርቻሮ ንግድ ትርፍ ቀጭን ነው፤ በተለይ የቅናሽ መደብሮች የሚኖሩት ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በሚያገኙት ጥቂት ፒያስተር ነው ይላሉ። የጥበቃ ሰዓት ሁሉ ይከፈል ከተባለ የዘይቱና የሩዙ ዋጋ ይጨምራል፤ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ድሃው ሸማች ነው ሲሉ ያክላሉ። ከዚህም ሌላ በጉዞ ብዛት መክፈል ታታሪውን ከሰነፉ ይለያል፤ በሰዓት መክፈል ግን መንገድ ላይ ለሚያንቀላፋው መሸለም ነው የሚል አስተያየት አላቸው። ሕጉ ራሱ በባሕርያቸው የሚቆራረጡ ሥራዎችን ለየት አድርጎ እንደሚያይም ያስታውሳሉ።

ይህ ክርክር አንድ ዋና ነገር ይዘነጋል፤ የጥበቃውን ርዝመት የሚወስነው አሽከርካሪው አይደለም። የመጫኛ በሩን ቁጥር፣ የተረካቢውን የሥራ ሰዓት፣ የጉዞውን መርሐ ግብር የሚያወጣው ድርጅቱ ነው። ሰውየው ሦስት ሰዓት ቢቆም ድርጅቱ ምንም የማይከፍል ከሆነ፣ ሦስቱን ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ለማሳጠር የሚያስብበት ምክንያት አይኖረውም። ነጻ የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይባክናል። ጥበቃው ዋጋ ሲወጣለት ግን የመጋዘን ኃላፊው መኪናዎችን በተመደበ ሰዓት ይጠራል፤ የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ ተረካቢውን ቀድሞ ያዘጋጃል። ያኔ በሁለት መኪና የሚሠራው በአንድ ይከናወናል፤ ወጪውም በሸማቹ ላይ ሳይሆን በብክነቱ ላይ ይቀነሳል። ሰነፉን መለየትም ቢሆን አያስቸግርም፤ በአብዛኞቹ የትላልቅ ድርጅቶች መኪናዎች ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ መኪናው የትና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ይመዘግባል። አሽከርካሪውን ለመቆጣጠር የተገዛ መሣሪያ ሰዓቱን ለመክፈልም ሊያገለግል ይችላል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያረጋግጣል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1979 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ለአሽከርካሪዎች ግልጽ ልክ አስቀምጧል፦ ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ መንዳት አይገባም፤ የቀኑ ጠቅላላ የመንዳት ሰዓት ከ9፣ የሳምንቱ ከ48 መብለጥ የለበትም፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያሻል። ይኸው ስምምነት አሽከርካሪው በጊዜው እንደ ልቡ ማዘዝ የማይችልበት የጥበቃ ወቅት፣ የየአገሩ ባለሥልጣን በሚወስነው ልክ እንደ ሥራ ሰዓት ሊቆጠር እንደሚችል ያመለክታል። በአውሮፓ ኅብረት ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ሲሆን፣ ሰዓቱን ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ ይመዘግባል።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ለካይሮ መደብሮች ቅርብ ትምህርት አለው። በካሊፎርኒያ ግዛት የዋልማርት አሽከርካሪዎች ክፍያቸው በማይልና በተወሰኑ ተግባራት ሲሰላ፣ መኪና የሚፈትሹበትና በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ሆነው የሚያድሩበት ሰዓት አልተከፈለንም ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤት በ2016 ከ54 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላቸው ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2020 ውሳኔውን አጸና። ከገንዘቡ አብዛኛው የተፈረደው በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ሆነው ላደሩበት ሰዓት ነበር። ይኸው ድርጅት በ2022 የአሽከርካሪ እጥረት ሲገጥመው፣ አዲስ ሾፌር በመጀመሪያው ዓመት እስከ 110,000 ዶላር ሊያገኝ እንደሚችል አስታወቀ። የሁለቱን አገሮች ኑሮ በገንዘብ መጠን ማነጻጸር አይቻልም። ነገር ግን የዓለም ትልቁ የችርቻሮ ነጋዴ ለአሽከርካሪ ጊዜ መክፈሉ ከገበያ አላስወጣውም።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ አለ። የግብፅ ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 በመንገድ አደጋ 5,260 ሰዎች ሞተዋል፤ በ2023 ከነበረው 5,861 ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ቀንሷል። መንግሥት ከ2014 ወዲህ በገነባቸው ሰፋፊ መንገዶች አማካይነት የተገኘ መሻሻል መኖሩ አይካድም። የቆሰሉት ግን በዚያው ዓመት ከ76,000 በልጠዋል። በጁን 27 ቀን 2025 በመኑፊያ ግዛት በክልላዊው ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና ወደ ወይን እርሻ ሥራ የሚጓዙ ልጃገረዶችን ከጫነ ሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ 19 ሰዎች አለቁ፤ አገርም አለቀሰች። ስለዚያ አደጋ ተጠያቂነት መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሆኖም ያ ቀን ከባድ መኪና በአንዲት ቅጽበት ስህተት ምን ያህል ቤት እንደሚዘጋ ለሁሉም አሳይቷል።

እንቅልፍ ያጣ አሽከርካሪ መሪ እንደ ጨበጠ ዓይኑን ይከድናል። አንዳንዱም ይህን ለመከላከል ትራማዶልን ወደ መሰሉ ክልክል መድኃኒቶች እንደሚያዘነብል በግብፅ የታወቀ ነው። የሱስ መከላከያና ሕክምና ፈንድ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር በመሆን በመንገድ ላይ የሚያካሂደው ምርመራ አስፈላጊ ነው፤ መጠናከርም አለበት። ግን ምርመራው የሚያገኘው መጨረሻውን እንጂ መነሻውን አይደለም። አሥር ሰዓት በጥበቃ የደከመ ሰው ገና ያኔ ጉዞ ጀምር ሲባል፣ አደጋው መንገድ ላይ ሳይሆን መጋዘኑ በር ላይ ተጸንሷል። ስለዚህ የደመወዝ ጥያቄና የመንገድ ደኅንነት ጥያቄ ሁለት ሳይሆኑ አንድ ናቸው።

ይህ እውነት በረመዳን ወር ጎልቶ ይታያል። ያሚሽ፣ ተምር፣ ሩዝና ዘይት ለማድረስ የመደብሮች ፍላጎት በሚጨምርበት በዚህ ወር የአሽከርካሪው ጉዞ ይበዛል፤ ሰዓቱም ይጠባል። መግሪብ ሲቃረብ የግብፅ ወጣቶች በየአውራ ጎዳናው ዳር ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ተምርና መጠጥ የሚያድሉት ልማድ የሚያኮራ ነው፤ ከእነዚያ እጆች ከሚቀበሉት መካከል የጭነት መኪና ሾፌሮች ብዙ ናቸው። አንዲት ፍሬ ተምር የማንንም ክብር ታሳያለች። ነገር ግን አገሬው በመንገድ ዳር በበጎ ፈቃድ የሚያሳየው ርኅራኄ፣ አሠሪው በደመወዝ ቀን ሊወጣው የሚገባውን ግዴታ አይተካም። የሠራተኛን ዋጋ ማጉደልም ሆነ ማዘግየት በእስልምና ትምህርት የተወገዘ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ በካይሮ አይገኝም።

ይህን ጉዳይ የአማርኛ ተናጋሪው አንባቢ ከሩቅ የሚመለከተው አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ባለው መስመር ላይ የተሳቢ አሽከርካሪዎች በወደብና በድንበር ኬላ ተራ ሲጠብቁ የሚያሳልፉት ቀንና ሌሊት በኢትዮጵያ የሚታወቅ ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል፤ በግል ዘርፉ ግን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ገና አልተተከለም። በዑቡር ገበያ ደጃፍ የቆመው ኡስታና በጋላፊ ኬላ የቆመው ሾፌር ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው። አንዱ አገር የሚያበጀው መልካም ሥርዓት ለሌላው ምሳሌ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ አዲስ ሕግ መጠበቅ አይደለም። የሥራ ሚኒስቴር በአዲሱ ሕግ በተሰጠው ሥልጣን ለጭነት አሽከርካሪዎች ዝርዝር መመሪያ ሊያወጣ፣ በመጋዘንና በመደብር ደጃፍ የሚያልፈው ሰዓት ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚቆጠር በግልጽ ሊወስን ይገባል። የሥራ ተቆጣጣሪዎችም የፋብሪካን ደመወዝ መዝገብ እንደሚመረምሩ ሁሉ የመኪናውን የጂፒኤስ መዝገብ ጠይቀው ከክፍያው ጋር ሊያመሳክሩ ይገባል። ትላልቅ መደብሮች ደግሞ የማጓጓዣ ጨረታ ሲያወጡ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ብቻ ሳይሆን፣ ለአሽከርካሪውና ለረዳቱ ውልና ዋስትና ያሟላውን ተቋራጭ ሊመርጡ ይገባል። ረዳቱ በተለይ ሊረሳ አይገባም፤ ካርቶኑን የሚሸከመው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ውልም መዝገብም የሌለው የመኪናው ጥላ ነው።

አሽከርካሪዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የውላቸውን ቅጂ መያዝ፣ የደረሱበትንና የተለቀቁበትን ሰዓት መጻፍ፣ በደረሰኙ ላይ ሰዓት እንዲሰፍር መጠየቅ ነገ በሥራ ፍርድ ቤት ፊት የሚናገር ማስረጃ ነው። በደከሙበት ሰዓት ለመንዳት እምቢ ማለትም ራስን ብቻ ሳይሆን በሚኒባሱ ውስጥ የተሳፈረውን የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። የሠራተኛ ማኅበራትም ድምፃቸው ሊሰማ የሚገባው በፋብሪካ ቅጥር ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ቋሚ የሥራ ቦታው ጎማ ለሆነው ሰውም ጭምር ነው።

የካይሮ መደብሮች ነገም ማለዳ በራቸውን ይከፍታሉ፤ መደርደሪያውም ሞልቶ ይገኛል። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የናፍጣው፣ የመጋዘኑ፣ የመብራቱና የማሸጊያው ዋጋ ተሰልቶ ተጽፏል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዋጋ ሳይወጣለት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ኡስታው በመጋዘኑ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ያለፈው ሰዓት። ያ ሰዓት በመዝገብ ሊሰፍር፣ ሊቆጠርና ሊከፈል ይገባዋል።